የወይዘሮ ድንቅነሽ ለቅሶ

«ሰው ሁሉ የት ሄደ?»

እማማ አልጣሽ ከተቀመጡበት ፍራሽ ቀና ብለው ጠየቁ። ማን እንዲመልስላቸው እንደጠየቁ እሳቸውም አያውቁም። ቅድም፣ ገና ሙቀቱ ሳይበርድ፣ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ የዕድሩ ሰዎች ከጎረቤት ሆቴል ወንበር ሲዋሱ ነበር። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ግን ወንበሮቹ ባዷቸውን ቀሩ። ሻዩ እንኳ ተጠጥቶ አላለቀም። ከአንዱ ብርጭቆ አፍ ላይ ዝንብ ትዞራለች።

«ፀሎት፣ አንቺን እኮ ነው። ሰው የት ሄደብን?»

የልጅ ልጃቸው ፀሎት ብርጭቆ እየለቀመች ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ የእናቷን ለቅሶ ሁሉ ቀጥ አድርጋ የያዘች ልጅ ናት። «ይመጣሉ፣ እማማ» አለች ቀና ሳትል። «ውኃ ቦቴ መጥቶ ይሆናል።»

«ለሁሉም ቤት ባንድ ጊዜ?»

ፀሎት ብርጭቆዎቹን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ትናንትም እንዲሁ ነበር። በዚሁ ሰዓት አንዷ «ጄኔሬተር ላስነሣ» ብላ፣ ሌላዋ «ልጆቹን ላስገባ» ብላ፣ ወንዶቹ ደግሞ ምንም ሳይሉ ጫማቸውን በዓይናቸው እየፈለጉ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ያለቀሱ ይመስላሉ፤ ግን ደግሞ ይንሾካሾካሉ፤ እማማ አልጣሽ ቀና ሲሉ ዝም ይላሉ። እሳቸው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው የደረሱበት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ሰው ልጃቸውን አልወደዳትም። ለእሳቸው ሲል፣ ለዕድሩ ሲል መጥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ አንጀቱ እምቢ ይለውና ይነሣል።

ምክንያቱ አይጠፋቸውም። ልጃቸው ማናህሎሽ ተዋናይት ነበረች። አዲስ አበባ ተሠርቶ በየምሽቱ በሚታይ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ወይዘሮ ድንቅነሽ የምትባል የእንጀራ እናት ሆና ዓመታት ሠርታለች። ድንቅነሽ ክፉ ናት። ያላጣላችው ወንድማማች፣ ያላስለቀሰችው ልጅ የለም። ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ፣ ዲሽ የሰቀለ አበሻ ሁሉ ስሟን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ማናህሎሽን ሕመም በድንገት ወሰዳት፤ ድንቅነሽ ግን አሁንም በየምሽቱ ትታያለች። የተቀረጸው ገና አላለቀም።

እማማ አልጣሽ ሄደው ልጃቸውን አዲስ አበባ ቀብረው በማግስቱ ተመልሰዋል። ሌላ የት ይቀመጣሉ? አማራት ሰፈር ውስጥ የሚያስተዳድሯት ትንሿ ፔንሲዮን፣ ወዳጆቻቸው፣ ዕድራቸው፣ ሁሉም ጁባ ነው። ድንኳኑም የተተከለው ከፔንሲዮኗ በር ላይ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ እሱባለው ገና ሲደርስ ያደረገው ነገር ቢኖር ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን በአንሶላ መሸፈን ነበር። «በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

እማማ አልጣሽን ከሐዘኑ በላይ እንቅልፍ የነሣቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በቀብሩ ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲበታተን፣ የድራማው አዘጋጅ ሠርፀ ጎንበስ ብሎ አጠገባቸው መጣ። ፊቱ አልተላጨም። ሸሚዙ ተጨማድዷል።

«እማማ፣ ይህን ዛሬ መጠየቄ ነውር ነው» አለ።

«ተናገር፣ ልጄ።»

«ማናህሎሽ ሠርታ የጨረሰቻቸው፣ ገና ያልታዩ ክፍሎች አሉ። የዚህን ሳምንት ጣቢያው ጀምሮታል፤ የሚቀጥለውን ለማሳየት ግን የቤተሰብ ቃል እንፈልጋለን። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ እሷ እንደሠራችው እንዳለ ማሳየት ነው። በነዚህ ክፍሎች ደግሞ ድንቅነሽ ከመቼውም የባሰች ናት። ሌላው፣ እሱን ትተን ከድሮው ቆራርጠን እንቀጥላለን፤ ድንቅነሽ ታመመች፣ የበደለቻቸውን ይቅርታ ጠየቀች፣ በሰላም አረፈች እናስብላታለን። ሰው በደግ ያስታውሳታል። የእርስዎ ቃል ይበቃናል።»

ያን ጊዜ የእማማ አልጣሽ ልብ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። ልጇ እንደተጠላች እንድትሄድ የምትወድ እናት አለች? ሠርፀ ሣልስቱ ሲያልፍ እደውላለሁ አላቸው። ሣልስቱ ነገ ነው።

*

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው መሊካ ነበረች። መሊካ ከባሏ ከረፊቅ ጋር ከመንገዱ ማዶ ዘይትና ስኳር በጅምላ ትሸጣለች። እሷና እማማ አልጣሽ ጁባ የገቡት በአንድ ዘመን ነው፤ ተኩስ በነበረበት ጊዜ የነመሊካ መጋዘን ውስጥ፣ በስኳር ጆንያ መሐል፣ ተቃቅፈው አድረዋል። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ነገር ከእህትማማችነት አይለይም።

«አልጣሽዬ፣ እህል ቀመስሽ?»

«ከጉሮሮዬ አይወርድም።»

«ይወርዳል። አፍሽን ክፈቺ» ብላ እንደ ሕፃን አጎረሰቻቸው።

«መሊካ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።»

«እኔ መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«ስኳር ተወደደ እያልሽ ስትዋሺኝ አይደል የምትኖሪው?»

መሊካ ሳቅ አመለጣት። ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ ሲላት ሻርፗን በአፏ ላይ አደረገች።

«ሰው ልጄን ይጠላት ነበር?» አሉ እማማ አልጣሽ።

«ማናህሎሽን? ማናህሎሽን ማን ይጠላታል?»

«ድንቅነሽን።»

«ድንቅነሽንማ . . .» መሊካ ጀመረችና ዋጠችው። እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ አየት አደረገች። «አሁን ይህ ምን ይጠየቃል? ይልቅ ይቺን ድገሚ። አላህ ያጽናሽ።»

እማማ አልጣሽ መልሳቸውን ያገኙ መሰላቸው።

ቀትር ላይ ንያንደንግ እየጮኸች ገባች። ንያንደንግ ኮኞ ኮኞ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ፣ ልጅነቷን ጋምቤላ በስደት ያሳለፈች፣ አማርኛዋን እዚያ የለመደች የዚህ አገር ሴት ናት። ከጁባ ና ባሪ ሰፈር በቦዳ ቦዳ ሞተር መጥታ፣ ከሞተሩ ሳትወርድ ማልቀስ ጀምራ፣ እማማ አልጣሽ እግር ሥር ተደፋች። እሳቸው ጀርባዋን እያሻሹ ያዩት ግን ያለፈውን የገና በዓል ነበር።

ያኔ ማናህሎሽ ለበዓል መጥታ ነበር። ሦስቱም፣ አያት፣ እናትና ልጅ፣ ገበያ ወጡ። ማናህሎሽ ፊቷን በትልቅ ጥቁር መነጽር ሸፍናለች።

«ቲማቲሙ እንዴት ነው?» አለች።

ንያንደንግ ድምፁን ስትሰማ እጇ ሚዛኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «አንቺ! ለአንቺ ማፊ! ለአንቺ ቲማቲም የለም! መጀመሪያ ያቺን እናት የሌላትን ልጅ ወደ ቤቷ መልሻት፤ ከዚያ እንነጋገራለን!»

ገበያው ዞር አለ። እማማ አልጣሽ የልጃቸውን ክንድ ያዙ። ማናህሎሽ ግን መነጽሯን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች፤ አንገቷን ብቻ አዞረች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልጅቷ በር ላይ ተቀምጣለች» አለች። «ከጎኗ ላንቺም የሚበቃ ቦታ አለ።»

አማርኛ የሚያውቁት ነጋዴዎች ጮኹ። ላልገባቸው ተተረጎመላቸው፤ እነሱም ጮኹ። ንያንደንግ እጇን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ ቲማቲሟን ዞራ መጥታ፣ ድንቅነሽን አቅፋ አነሣቻት። ዘንቢላቸውን ሞልታ ሂሳብ አልቀበልም አለች። እማማ አልጣሽ ግን መንገዱን ሁሉ ያዩት ያንን የተቀሰረ ጣት ብቻ ነው።

«ጣቷን ነው የቀሰረችብሽ። ነገ ሌላዋ ድንጋይ ብታነሣስ? አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ያቺ ሴት አጠገብሽ አልቀመጥም ብላ አልወረደችም? ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ደግ ሴት ሆነሽ ብትሠሪ፣ ልጄ?»

«ደግ ሆኜማ ሠርቻለሁ፣ እማዬ» አለች ማናህሎሽ፣ ዘንቢሉን እያወዛወዘች። «አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ አቅርቤ ‹እሺ እመቤቴ› ብዬ ወጥቻለሁ። ስምሽ ማነው ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

እውነቷን ነው። መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ የቤት ሠራተኛ መሆን ነበር፤ ትሪ ይዞ መግባት፣ ትሪ ይዞ መውጣት። ድንቅነሽን እንድትጫወት የታሰበችው ሌላ፣ ስም ያላት ተዋናይት ነበረች፤ የእጮኛዬ ቤተሰብ ምን ይለኛል ብላ ጥላ ሄደች። ሁለተኛዋም ማስታወቂያ ይቀርብኛል ብላ ፈራች። ቀረጻ ሊጀመር ሁሉም ሲጨነቅ ማናህሎሽ ትሪዋን አስቀመጠችና «እኔ ስጡኝ» አለች። ሠርፀ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እንደቆመች ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ በኋላ እሱም አልሳቀም ይባላል።

እማማ አልጣሽ ድራማውን ሲጀመር ጥቂት ምሽት አይተውት ነበር። ልጃቸው አንዲት የሙት ልጅ በዝናብ ከቤት ስታስወጣ አዩና ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የፔንሲዮኗ እንግዶች ሳሎን ተሰብስበው ሲያዩ እሳቸው ጓሮ ወጥተው አንሶላ ያጥፋሉ፤ የታጠፈውን ፈተው እንደገና ያጥፋሉ፤ የመዝጊያው ሙዚቃ ሲሰማ ይገባሉ። እናቷ አዲስ አበባ ስትሠራ እዚህ ከአያቷ ጋር ያደገችው ፀሎት ግን አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ክፉ ቃል በተናገረች ቁጥር አገጯን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች። ይህም እማማ አልጣሽን ያሳስባቸው ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ናት በእንዲህ ያለ ነገር የምትስቅ?

አንድ ጊዜ ደግሞ የልብስ ሳሙና የሚሸጡ ሰዎች ድንቅነሽ ንስሐ ብትገባ ማናህሎሽን ማስታወቂያ ሊያሠሯት ፈለጉ። ስልክ ደውላ ለእናቷ ነገረች።

«እማዬ፣ ሳሙና ሻጮቹ ድንቅነሽ ትታጠብ አሉኝ።»

«እሰይ! እና ምን አልሽ?»

«ከታጠበች እኔ ምን ሥራ አለኝ አልኳቸው።»

እማማ አልጣሽ ያን ዕለት ስልኩን አስቀምጠው አኩርፈው ዋሉ።

*

የሣልስቱ ዕለት ማምሻውን ድንኳኑ እንደገና መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ሴቶቹ። ቀጥሎ ሴቶቹን ለመፈለግ የሄዱት ወንዶች። ንያንደንግ «መጣሁ፣ ማማ» ብላ ወጣች፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። መጨረሻ ላይ አቶ እሱባለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ አልጣሽ፣ እኔ እንግዲህ የዕድሩን ድስት የጫነ መኪና ሊመጣ ስለሆነ ልቀበል።»

«ድስቱ ጠዋት መጣ እኮ።»

«ክዳኑ ቀርቷል» አለና ወጣ።

ከፍራሹ አጠገብ የቀረችው ፀሎት ብቻ ናት። እማማ አልጣሽ እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«ልጄን እንዲህ ይጠሏታል? ሣልስቷን እንኳ ቁጭ ብለው አያመሹላትም? ንገሪኝ። ነገ ያ ልጅ ይደውላል፤ እኔ ቃሌን ልሰጠው ነው። ያቺን ሴት ይቅርታ ያስጠይቋት እለዋለሁ። ሰው ይቅር ብሏት ትሂድ።»

የፀሎት ፊት ተለወጠ። እነዚህን ቀናት ሁሉ ያላዩትን መልክ አዩባት።

«እማማ፣ እንዲህ እንዳትዪ።»

«ታዲያ ሰዉ የት ሄደ?»

«መሊካ ቤት ናቸው።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«እማዬን ሊያዩ።»

እማማ አልጣሽ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አቀኑ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመጋዘኑ ኋላ፣ የነመሊካ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ጭንቀታቸው ድምፁን ሸፍኖባቸው እንጂ ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ይነሣ ነበር።

«አቶ እሱባለው ቴሌቪዥኑን ሲሸፍን ሁሉም እዚያ ሄዱ» አለች ፀሎት። «እንዳይከፋሽ ብለን ነው ያልነገርንሽ። እኔም ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ ነው። እማዬን እኮ . . . አንቺ ወልደሽ አሳድገሻታል። እኔ ከዚያ ሌላ የት አይቻታለሁ?»

እማማ አልጣሽ እጃቸውን ዘረጉ። «አንሺኝ።»

«ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም ብለዋል አቶ እሱባለው . . .»

«የት አለ አቶ እሱባለው?»

ፀሎት እጃቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

መንገዱን ሲሻገሩ አንድ የውኃ ቦቴ አቧራ አልብሷቸው አለፈ። የነመሊካ ሳሎን በር ላይ ጫማ እንደ ጉድ ተከምሯል። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ቆሙ። ክፍሉ እስከ አፉ ሞልቷል፤ መሬት የተቀመጠ አለ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠ አለ፤ ፊታቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ማናህሎሽ ብርቱካን ትልጣለች።

በሕይወት አለች። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ከቢላዋዋ ሥር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፊት ለፊቷ የእንጀራ ልጇ ቆማለች። ማናህሎሽ ልጅቷን አላየቻትም። ብርቱካኗን ጨረሰች፤ አንዷን ፍልቃቂ አነሣች።

«የአባትሽን ፎቶ ከግድግዳው ያወረድኩት» አለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አቧራ ስለበላው አይደለም። አንቺ ስታዪው ደስ ስለሚልሽ ነው።»

ፍልቃቂዋን ጎረሰቻት።

«እግዜር ይንቀልሽ!» ንያንደንግ ከተቀመጠችበት ጆንያ ብድግ አለች። «አውሬ! ምን ዓይነት አውሬ ነሽ! አፈር ብዪ!»

ቃሉ ክፍሉ መሐል ወደቀ። ንያንደንግ ሁለት እጇን በአፏ ላይ አደረገች፤ ያለችውን መልሳ የምትይዘው ይመስል። ከዚያ ዞር ስትል እማማ አልጣሽን በሩ ላይ አየቻቸው።

መሊካ ሪሞቱን ፍለጋ ትራሱን ሁሉ ገለበጠች። አቶ እሱባለው ከፊተኛው ወንበር፣ ከሁሉም ፊት ከነበረው ወንበር፣ ተነሥቶ ቆመ። «እማማ አልጣሽ፣ እኔ . . . ክዳኑን . . .» አለ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት። «ጋረድከኝ።»

አቶ እሱባለው እንደታዘዘ ተቀመጠ።

«መሊካ፣ አታጥፊው።» ወደ ውስጥ ገቡ። ንያንደንግ ጉልበታቸውን ይዛ ታለቅሳለች።

«ማማ፣ ማሌሽ። ይቅርታ። እሷን አይደለም፣ ወላሂ። ድንቅነሽን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እሷን እኮ እወዳታለሁ። ግን እንደዚያ ስትናገር . . . ረሳሁ። መሞቷን ረሳሁ፣ ማማ።»

«ረሳሽ?»

«ረሳሁ።»

እማማ አልጣሽ ቆመው አዩዋት። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው አጽናንቷቸዋል፤ ካህኑ፣ የቲያትር ሰዎች፣ ጎረቤት። እንዲህ ያለ ቃል የነገራቸው ግን የለም። ለአንድ አፍታ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ልጃቸው አልሞተችም ነበር። ማንም አላስመሰለም። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ጨርቋን ጥላ ሰድባታለች፤ የሞተ ሰው እንዲህ አይሰደብም።

ማናህሎሽ አንድ ምሽት ደውላ በድንቅነሽ ድምፅ እንዳናገረቻቸው ትዝ አላቸው። «ወይዘሮ አልጣሽ፣ ፔንሲዮኑን እስከ ነገ ያስረክቡኛል» አለች፤ እማማ አልጣሽ እውነት መስሏቸው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። በስልኩ ውስጥ ያ የልጃቸው ሳቅ መጣ። «ፈራሽ እማዬ? ከፈራሽማ ደህና ነኝ።» ያኔ ተቆጥተው ነበር። አሁን ሰው ቦታ ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም በመሊካና በንያንደንግ መሐል ተቀመጡ፤ ፀሎት ከእግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ አገጯን በጉልበቷ አድርጋ ተቀመጠች።

«ይቺ ቀይ ልጅ ምኗ ናት?» አሉ እማማ አልጣሽ።

ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ባንድ አፍ ጀመረ። የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅ ናት። አይ፣ የወንድሙ። የወንድሙ እንኳ ያኛዋ ናት፣ እብድ ናት ብላ ጠበል የሰደደቻት። ቤቱን ልታስሸጥ ነው እኮ። አቶ እሱባለው እጁን አነሣና ሥርዓት አስያዘ። «አንድ በአንድ» አለ። «እኔ ከመጀመሪያው ልንገራቸው።» ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር፤ አንድም አልጎደለበትም።

*

ሠርፀ የደወለው በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይነሣ ነው።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ቃልዎን ልሰማ ነው።»

«ትክፋ» አሉት።

«ምን አሉኝ?»

«ትክፋ፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው ትክፋ። እሷ የሠራችውን አንተ እንዳታለሰልስብኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር ካስገባህ አዲስ አበባ መጥቼ እጣላሃለሁ።»

«እሺ፣ እማማ» አለ ሠርፀ። «አንድ ነገር ግን ይወቁ። መጨረሻው መሰነባበቻ የለውም። ያን ቀን ስንቀርጽ ማናችንም አላወቅንም። ዝም ብላ የሆነ ነገር ተናግራ፣ ታሪኩ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የለችም። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

«እኔ ምን ያላየሁት ድንጋጤ አለ?» አሉ። ስልኩን አስቀመጡ። ፀሎት ከበሩ ጥግ ሆና ሰምታለች። መጥታ ትከሻቸውን ሳመችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እማማ አልጣሽ ከኋላዋ አዩዋት። ይቺ ልጅ በደንብ አላለቀሰችም፤ ይህ ነገር አንድ ቀን አንገቷን ይዞ ይጥላታል። አሁን ለማን ይናገራሉ?

ዝናቡ ያን ሳምንት በረታ። ድንኳኑ ውኃ ቋጥሮ ከወደቀ በኋላ ለቅሶው ወደ ፔንሲዮኗ ሳሎን ገባ። አንሶላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነሣው አቶ እሱባለው ራሱ ነው። አጣጥፎ ለፀሎት ሰጣት። «በሐዘን ቤት የማይከፈተው የሌላ ሰው ድራማ ነው» አለ፤ በዚህ ላይ የተከራከረው የለም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በምሽት ቤቱ አይበቃም ነበር። ከንያኩሮን ሰፈር ድረስ፣ ማናህሎሽን ከነጭራሹ የማያውቁ ሰዎች መጡ፤ ለቅሶ እየደረሱ፣ ነፍስ ይማር እያሉ፣ ተቀምጠው ድንቅነሽን እየረገሙ አመሹ። እማማ አልጣሽ እርግማኑ ቀዝቀዝ ያለ ሲመስላቸው ወደ ንያንደንግ ዘወር ይሉ ነበር። «ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? አልከፋችም?» ንያንደንግ አታሳፍራቸውም።

የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት ግን የተሳደበ የለም። የመጨረሻዋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንዴት እንደሚሆን ብቻ አያውቁም። አንዳንዱ ትሞታለች ብሎ ጠብቋል፤ አንዳንዱ ትታሰራለች። ማናህሎሽ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ መስተዋት ፊት ቆማ፣ ጉትቻዋን ስታጠልቅ ታየች። የእንጀራ ልጇ በሩን ከፍታ ገባች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ማናህሎሽ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት።

«በሩን ዝጊው» አለች። «ንፋስ አልወድም።»

ጉትቻዋ ገባ። ራሷን አየት አደረገች፤ ደስ አላት። ከዚያ ምስሉ ተቀይሮ ሁለት ወንዶች ቢሮ ውስጥ ስለ ቤት ሽያጭ ሲነጋገሩ መጣ።

ጠበቁ። ወንዶቹ ተነጋግረው ጨረሱ። ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ መኪና። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደፊት ዘንበል ይላል። የመዝጊያው ሙዚቃ መጣ፤ ስሞቹ ወደ ላይ ወጡ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ጀመረ። አንድም ሰው አልተነሣም።

«ነገ ትመለሳለች፣ አይደል?» አለች ንያንደንግ በቀስታ። መሊካ እጇን ያዘቻት።

ፀሎት ከምንጣፉ ላይ ተነሣች። በሰዎቹ ጉልበት መሐል መንገድ እየፈለገች፣ ማንንም ሳታይ፣ እስከ በሩ ሄደች። ከፈተችውና ወጣች። ዝናቡ ውስጥ ነጭ ሸሚዟ ጥቂት ታየና ጠፋ። የከፈተችውን በር አልዘጋችውም፤ ንፋሱ ከነጠብጣቡ ገብቶ መጋረጃውን አነሣው፤ የእማማ አልጣሽን ነጠላ ከትከሻቸው ላይ ገፈፈው።

አቶ እሱባለው ሊዘጋው ተነሣ።

እማማ አልጣሽ «ተወው፤ ክፍት ይሁን» ብለው እጃቸውን አነሡ። እሱም ቆመ።